ከሐረርጌ የመጣው ጥርስ

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። የቅሪተ አካል ማከማቻ ውስጥ ሳጥን እየከፈትኩ ያለውን እመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ከሐረርጌ የኖራ ድንጋይ ጋር የመጣ ጥርስ አገኘሁ። አውራ ጣቴን ያክላል። ወፍራም ነው፣ ጫፉ ግን ዱልዱም። ትልቅነቱን አየሁና አላመነታሁም፤ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ «ፕሊዮሳውር» ብዬ ጻፍኩ። ፕሊዮሳውር አራት መቅዘፊያ ያለው፣ ጭንቅላተ ግዙፍ የባሕር አዳኝ ነው። የአዞ ወገን አይደለም።

ከሰዓት በኋላ አንጋፋው ባልደረባችን መጡ።

«በምን አወቅከው?»

«ትልቅ ነው፣ ጋሼ።»

አጉሊ መነጽር ሰጡኝ። «ጫፉን እየው።»

ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ እንደ አዛውንት እጅ ተሸብሽቧል፤ ጥቃቅን መስመሮች እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። እንዲህ ያለ ዱልዱም ጥርስ ሥጋ ከመቅደድ ይልቅ ጠንካራ ነገር ለመስበር ይመቻል። ማኪሞሳውረስ የሚባለው የባሕር እንስሳ ጥርሱ እንዲህ ነው። የአዞ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሶሎተርን ላይ በተገኙ የኤሊ ቅርፊቶች ላይ የንክሻው ምልክት ታይቷል።

ከዚያ ጋሼ የሐረሩን መንጋጋ ታሪክ ነገሩኝ። እ.ኤ.አ. በ1938 ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፎን ሁነ ከሐረር አካባቢ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል መርምሮ «ሲሞሌስቴስ ኖዋኪያኑስ» አለው። ሲሞሌስቴስ ፕሊዮሳውር ነው። ሁነ በሙያው ስመ ጥር ሰው ነበር። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ናታሊ ባርዴ እና ስቴፋን ኹዋ ያንኑ አጥንት እንደገና አዩት። ፕሊዮሳውር ሳይሆን የአዞ ዘመድ ሆኖ ተገኘ፤ ቤተሰቡም ቴሌዮሳውሪዴ ተባለ።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐረር ሲባል ለእኔ ጀጎልና ገበያው ነበር የሚታየኝ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን እዚያ ባሕር ነበር፣ ባሕሩ ውስጥም ይህ አውሬ ይዋኝ ነበር። እኔ ደግሞ ትልቅ ነው ብዬ ብቻ ስም ለጠፍኩበት!

በማግስቱ ካርዱን ሰርዤ «ቴሌዮሳውሪዴ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አሁንም ጠየቁኝ።

«ይሄስ የመቼ አመዳደብ ነው?»

የ1996ቱ ነበር። በ2020 የወጣ ጥናት የብዙ ዝርያዎችን አጥንት አንድ በአንድ አነጻጽሮ እነዚህን የአዞ ዘመዶች ለሁለት ቤተሰብ ከፍሏቸዋል። ማኪሞሳውረስና የቅርብ ዘመዶቹ ከቴሌዮሳውሪዴ ወጥተው ማኪሞሳውሪዴ ሆነዋል። አጥንቱ ያው ነው፤ የተቀየረው ዝምድናው የሚነበብበት መንገድ ነው። ይሄ ለእኔ ከመጀመሪያው ስህተቴ የከበደ ነበር፣ ምክንያቱም አሁን ያረምኩ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ በእርሳስ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ያየሁትን፣ ቀጥሎ ስሙን፣ ከሥሩ የማን አመዳደብ እንደሆነና ቀኑን። የዚያ ጥርስ ካርድ እንዲህ ይላል፦ «ጫፉ ዱልዱም፣ ኢናሜሉ የተሸበሸበ። ማኪሞሳውሪዴ ሳይሆን አይቀርም፣ በ2020ው አመዳደብ። መንጋጋው የለም።» አሮጌው ካርድም ከኋላው ተያይዟል። ልጥለው ስል ጋሼ ናቸው ያስቀሩኝ።