ልጄ ካምፕ ልታድር ነው

እናቴ በስልክ ስትሰማ «ምን አጥታ ነው ጫካ የምታድረው?» አለችኝ። እኛ አገር በክረምት ልጅ የሚላከው አያቱ ዘንድ ነዋ! እዚህ ሜሪላንድ ግን የልጄ ጓደኞች ሰመር ካምፕ ይሄዳሉ። የስምንት ዓመቷ እመቤትም «እኔስ?» እያለች መድረሻ አሳጣችኝ።

ጁላይን መረጥኩላት። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ እሷ ደግሞ መጾምና መቁረብ ትወዳለች። በፒዛና በአይስክሬም መሃል «ጹሚ» ማለት ግፍ ነው።

ትልቁ ሥራ ፀጉሯ ነው። በየቀኑ ሐይቅ ውስጥ ዋና አለ፤ የሚያበጥርላት ግን የለም። ቅዳሜን ሙሉ ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ሹሩባ ሠራኋት፤ ቀጠን፣ ጠበቅ አድርጌ። ለማታ የሳቲን ሻሽ ገዛሁላት። መስታወት ፊት አስተሳሰሩን ስትለማመድ ዓይኗን ሸፍና ቁምሳጥን ገጨች። ሳቋን ማን ያቁመው!

ከዚያ መዥገር። ላይም የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው መዥገር እዚህ ሞልታለች። ደግነቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ካልቆየች በሽታውን አታስተላልፍም። ስለዚህ ሻወር ስትወስድ ብብቷን፣ ከጉልበቷና ከጆሮዋ ኋላ እንድትዳስስ አስተማርኳት። ልብስ ላይ ስም መጻፉ፣ ባትሪው፣ የክትባት ወረቀቱ ቀላል ነው።

ስልክ አይፈቀድም። አድራሻችን የተጻፈበት፣ ቴምብር ያለው ፖስታ ሰጠኋት። «ከናፈቅሁሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» ግን አላልኳትም። እንዲያ ካልኳት ገና በመጀመሪያው ማታ ነው የምታስጠራኝ።

እሷ እቴ! «ማሚ፣ አንቺ እንዳታለቅሺ» እያለችኝ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ከዚፑ ጋር ትታገላለች።