ስድሳው አሥራ ሁለት የሆነበት ወር

ዛሬ ማታ የ2024ን የግዢና ሽያጭ መዝገቤን ሳገላብጥ ዓይኔ ሁለት መስመሮች ላይ ቀረ። ኦክቶበር ላይ ትርፍ የሚያከፋፍሉ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በሚይዘው በኤስ ሲ ኤች ዲ (SCHD) ፈንድ ያለኝ ድርሻ ከ20 ወደ 60 ወጥቷል። ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር መግቢያ ላይ፣ ገበያው ሲወድቅ በሚያተርፈው በኤስ ኪው ኪው ኪው (SQQQ) ፈንድ ያለኝ ድርሻ ከ60 ወደ 12 ወርዷል። በሁለቱም ቀን ገንዘቤ አልተነካም። የመጀመሪያው ፈንድ እያንዳንዱን ድርሻ ለሦስት ቆረሰው፤ ሁለተኛው ዋጋው እየሳሳ ስለሄደ አምስቱን ደርቦ አንድ አድርጎ ሰፋው። ለእሱ መጣፉ የመጀመሪያው አይደለም፤ በ2022 ጃንዋሪም አምስቱን አንድ አድርጎ ነበር። ይህን ግን ያወቅኩት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ኤስ ኪው ኪው ኪውን የገዛሁት ኦገስት 5፣ ሰኞ ዕለት ነው። የቶኪዮው የአክሲዮን ገበያ ጠቋሚ ኒኬይ በአንድ ቀን ከ12 በመቶ በላይ የወደቀበት ቀን። ኤስ ኪው ኪው ኪው የናዝዳክ 100ን፣ በአሜሪካው ናዝዳክ ገበያ ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ የሚከተለውን ጠቋሚ፣ የቀን ለውጥ ገልብጦ በሦስት ያባዛል፤ ጠቋሚው 1 በመቶ ሲወርድ እሱ 3 በመቶ ያህል ይወጣል። ገበያው ገና ይወርዳል ብዬ ስለነበር ዓይኔን አላሸሁም።

ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ምክንያትም አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ሁለቱን ፈንዶች ጎን ለጎን በሚያሳይ ሠንጠረዥ ላይ የትርፍ ክፍፍል የሚለውን ዓምድ አየሁ። ከፍ ያለው የኤስ ኪው ኪው ኪው ነበር። ወዲህም መድን፣ ወዲያም ገቢ! አልኩ።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓምድ ውስጥ ይቀመጡ እንጂ ዝምድና የላቸውም። የኤስ ሲ ኤች ዲ ክፍያ የሚመጣው ከ100 ገደማ ኩባንያዎች ትርፍ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ሳያቋርጥ ያልከፈለ ኩባንያ ለምርጫው እንኳ አይቀርብም፤ በ2024 ኮካ ኮላ፣ ቬሪዞን፣ ሎክሂድ ማርቲን ነበሩበት። ኤስ ኪው ኪው ኪው ግን የማንም ኩባንያ ባለቤት አይደለም። ከባንኮች ጋር የሚገባቸው ስዋፕ የሚባሉ፣ የጠቋሚውን ለውጥ በገንዘብ የሚያወራርዱ ውሎች አሉት፣ ለውሎቹ መያዣ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አለው፤ የሚያከፋፍለው የዚያን ገንዘብ ወለድ ነው። ያን ጊዜ የአሜሪካ የወለድ መጠን ከ5 በመቶ በላይ ስለነበር ወለዱ ወፍራም ሆኖ ታየኝ። በዚያ ላይ መቶኛው የሚሰላው ያለፈው ክፍያ ለዛሬው ዋጋ ተካፍሎ ነው፤ ዋናው በተሸረሸረ ቁጥር መቶኛው ያምራል። እኔ የተሸረሸረውን አላየሁም፣ ያማረውን እንጂ።

ከሁሉ በላይ ግን «የቀን» የምትለዋን ቃል ዘልያት አልፌአለሁ። በኋላ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ጠቋሚው ከ100 ተነስቶ በ10 በመቶ አድጎ 110 ይሁን፤ በማግስቱ 9.09 በመቶ ወርዶ 100 ላይ ይመለስ። ፈንዱም ከ100 ዶላር ቢነሳ፣ መጀመሪያ 30 በመቶ ያጣና 70 ይሆናል፤ በማግስቱ 27.27 በመቶ ያገኛል፤ ግን የሚያገኘው ከ70 ላይ ስለሆነ 89 ላይ ይቆማል። ገበያው ወደነበረበት ተመልሷል፣ የእኔ 11 ዶላር የት ገባ? ማንም አልወሰደውም። ስሌቱ በየቀኑ ከዜሮ ስለሚጀምር ብቻ ጠፋ።

ወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገርም አይደለም። በ2022 ናዝዳክ 100 ሲሶውን አጣ፣ በ2023 ከግማሽ በላይ አደገ፤ ሁለቱ ዓመታት ሲያልቁ ከተነሳበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። በ2021 ማብቂያ ኤስ ኪው ኪው ኪው ገዝቶ ዝም ያለ ሰው ግን ገንዘቡ ወደ ግማሽ ወርዶ ጠበቀው። ያ ሰው እኮ የመጀመሪያውን ዓመት ልክ ነበር!

የአስተዳደር ክፍያውን እንኳ አላነጻጸርኩም ነበር፤ ለ10,000 ዶላር በዓመት 6 ዶላር በኤስ ሲ ኤች ዲ፣ 95 ዶላር ገደማ በኤስ ኪው ኪው ኪው።

ለኤስ ሲ ኤች ዲ ጥብቅና መቆሜ አይደለም። በ2023 ናዝዳክ ሲፈነጭ እሱ ተቀምጦ ነበር የሚያየው፤ እኔም ከእሱ ጋር ተቀምጬ ስቀና ከርሜአለሁ። የኦገስቱ ድንጋጤዬም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቅናት ብዙ የራቀ አይመስለኝም። ሌሎች ሲያተርፉ ያልነበርኩበትን ገበያ ሲወድቅ ማየት አምሮኝ ነበር።

12ቱን የኤስ ኪው ኪው ኪው ድርሻዎች 12 በሆኑበት ሳምንት ሸጥኳቸው። ካስገባሁት ከሲሶ በላይ ሄዷል። ዲሴምበር ላይ ከ60ዎቹ የኤስ ሲ ኤች ዲ ድርሻዎች 15 ዶላር ከሳንቲም ገባ፤ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ ተገዛበት።