ጋቢው ለምን ግራጫ ሆነ?

ጎንደር ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት የጥምቀት ፎቶዎችን በጥቁርና ነጭ ሲያትም የገጠመው ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች የፋሲለደስ መዋኛን ግንብ ተደግፈው ቆመዋል። ወረቀቱ ላይ ጋቢው ሳሙና ካየ ወር ያለፈው መስሎ ወጣ። ፎቶ አጣቢው ኮንትራስቱ (የነጭና የጥቁሩ ልዩነት) ያነሰ መስሎት ይህን ልዩነት የሚወስነውን ፊልተር ከ2 ወደ 4 ከፍ አደረገ። ግንቡ ከሰለ፣ በድንጋዮቹ መሀል ያለው መስመር ጠፋ፤ ጋቢው ግን ያው ነው።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ሳይሆን አይቀርም» አለ አጣቢው ለአለቃው።

«ዳሩን ለካኸው?»

ኅትመቱ ከደረቀ በኋላ ከሥሩ ጥቁር ካርቶን አድርገው በዴንሲቶሜትር፣ በጥቁረት መለኪያ፣ ለኩት። (ካርቶኑ የማይዘለል ነው፤ ወረቀት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ንባቡ ዝቅ ይላል።) ብርሃን ያልነካው ዳር 0.05፣ ድፍን ጥቁሩ 2.10 አነበበ፤ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ሁለቱም ደህና ናቸው። 1.0 ማለት ካረፈበት ብርሃን 10 በመቶውን፣ 2.0 ደግሞ 1 በመቶውን ብቻ የሚመልስ ጥቁረት ነው። እጥፋቱ እንዲታይ 0.12 አካባቢ መሆን የነበረበት ጋቢ ግን 0.26 ሆኗል።

ቀጥሎ በየደረጃው 0.15 የሚጨምር ባለ 21 ደረጃ የመለኪያ ፊልም ወረቀት ላይ አስተኝተው በ2 ቁጥር ፊልተር አተሙ። የሚቆጠረው ከወረቀቱ ንጣት በ0.04 ከሚጨልመው ደረጃ አንስቶ የሙሉ ጥቁሩን 90 በመቶ እስከሚደርሰው፣ እዚህ 1.90 አካባቢ፣ ድረስ ነው። የጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት በርቶ ሲሠራ 9 ደረጃ፣ ማለትም 1.35 ሆነ። መብራቱ ጠፍቶ በድፍን ጨለማ ሲደገም 7 ደረጃ፣ 1.05፤ የ2 ቁጥር ትክክለኛ ስፋት። ደረጃው ሲበዛ ኮንትራስቱ ያነሰ ነውና ጥፋቱ የመብራቱ ነው፤ ወረቀቱም ፊልተሩም ነጻ ወጡ።

ለካስ የቀይ መብራቱ አምፖል ተቃጥሎ ከሱቅ በተገዛ፣ ቀይ ቀለም በተቀባ የጌጥ አምፖል ተተክቷል። እንዲህ ዓይነቱ ቀለም ለዓይን ቀይ ቢመስልም ወረቀቱ የሚያየውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ሊያሾልክ ይችላል።

«እኔኮ በሳንቲም ፈትኜው ነበር!» አለ አጣቢው።

እውነቱን ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ 5 ደቂቃ ቆይቶ ሲያጥበው ምንም ምልክት አልታየም። ስህተቱ ወረቀቱ ጥሬ መሆኑ ላይ ነው። ደካማ ብርሃን ብቻውን ወረቀቱን የሚያነቃው መጠን ላይ አይደርስም፤ ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚጥለው የማጉያው ብርሃን ሲቀድመው ወይም ሲከተለው ግን ይደመራል። ዳሩ ነጭ ሆኖ ጋቢው የጠቆረው፣ ጥቁሩም ምንም ያልሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ መጀመሪያ ያለ ኔጋቲቭ በማጉያው ትንሽ ብርሃን አግኝቶ ቀላል ግራጫ እንዲሆን ይደረጋል፣ ሳንቲሙ ከዚያ በኋላ ይቀመጣል። እንዲህ ሲደገም ሳንቲሙ ከዙሪያው የነጣ ክብ ጥሎ ወጣ።

ለጨለማ ክፍል የተሠራ የ15 ዋት ቀይ አምፖል ከጠረጴዛው 1.2 ሜትር ርቆ ተሰቀለ። በ7 ደቂቃ የሳንቲም ምልክት አልታየም። ፊልተሩ ወደ 2 ተመለሰ፤ ጋቢው 0.12 አነበበ፣ የድንጋዩ መስመርም ተመልሶ ታየ።