ዛሬ ቸርችል ጎዳና ያገኘሁት ካርድ
ዛሬ ቸርችል ጎዳና፣ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ ውስጥ የኢየሩሳሌም ስቴሪዮ ፎቶ አገኘሁ! ባለሱቁ ዋጋውን ቀነስ አደረገልኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ወፍራም ካርቶን ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ግን አንድ አይደሉም። የተነሱት በዓይኖቻችን መካከል ያለውን ርቀት ያህል፣ ወደ 6.5 ሳንቲሜትር፣ ተራርቀው ነው። ለዚሁ በተሠራ ባለ ሁለት ሌንስ መመልከቻ ሲያዩት አእምሮ ያዋህዳቸዋል። የድንጋዩ ደረጃ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ የሽማግሌው ምርኩዝ ከካርዱ ወጥቶ ይመጣል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዊትስተን ይህን በ1838 እ.ኤ.አ. ሲያስረዳ ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ አልተዋወቀም ነበር። ያሳየው በተሳሉ ምስሎች ነው። ሁሌም ይገርመኛል።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ካርድ ካለ ለሁለት አትቁረጡት። ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍም አትፋቁ፤ ብዙ ጊዜ አሳታሚውና ቦታው የሚታወቀው በሱ ነው።