አጥር ያልተሻገረች ዶሮ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ሩቅ ያላችሁም፣ ቅርብ ሆናችሁ የጠፋሁባችሁም።

ዘንድሮ ምኞት ደርድሬ ልሰናበታችሁ አልፈለግኩም። ስለ እናቴ የዶሮ ሾርባ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ሾርባ። በገና ስለ ዶሮ ወጥ የማታወራ ምን ነክቷት ነው እንደምትሉ አውቃለሁ። ወጡ አለ፣ የትም አይሄድም። እኛ ቤት ግን ሾርባው ይቀድማል።

ያደግኩት ደሴ ነው። የታኅሣሥ ብርድ ጦሳ ተራራ ላይ ሲዶልት ውሎ ሌሊት ወደ ከተማው ይወርዳል። እናቴ ቅዳሴ አስቀድሳ የምትመለሰው በዚያ ብርድ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሥጋና ቅቤ ያልነካው ሆድ፣ በዚያ ሰዓት ቀይ ወጥ ሲወርድበት ምን እንደሚል የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለእያንዳንዳችን አንድ ኩባያ ሾርባ። ነጠላዋን ሳታወልቅ ትቀዳልናለች።

አሠራሩ የቤተሰብ ነው እላለሁ። የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ስጠየቅ ግን ትንሽ ያስቸግረኛል። እናቴ የተማረችው ከጎረቤታችን ነው። እትዬ እንላቸዋለን። እትዬ ሙስሊም ናቸው። ደሴ ውስጥ በረመዳን ማፍጠሪያ ሾርባ የማይሠራ የሙስሊም ቤት ማግኘት ይከብዳል። የእትዬ ሽታው ብቻ የሠፈሩን ልጅ ከጨዋታ ያስቆም ነበር። እናቴ እኔን ልትወልድ ስትቃረብ "ነይ፣ ለአራስ የሚሆነውን ላሳይሽ" ብለው መጡ። የእኛ ምድጃ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡና፣ በአፋቸው እየነገሩ በእሷ እጅ አሠሯት።

እዚህ ላይ ወሎን የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ቡና ሲሆን ጀበናው አንድ፣ ረከቦቱ አንድ፣ ምርቃቱም አንድ ነው። ሥጋው ግን ሁለት ነው። በስመ አብ ተብሎ የታረደው ለእነሱ አይሆንም፤ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደው ለእኛ አይሆንም። ድግስ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል። ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ ነው። በዚህ የሚቀየም የለም። ልጅ ሆኜ ግን መጠያየፍ መስሎኝ እናቴን ጠይቄያት አውቃለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የደሴው አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። እዚያው ከተማ እያደግኩ እንዲህ ማሰቤ አሁን ያስቀኛል። እናቴ "ቢጠየፉንማ አንቺን ገላሽን እያጠቡ ያሳድጉሽ ነበር?" ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እናም አሠራሩ አጥር ተሻገረ፤ ዶሮዋ አልተሻገረችም። እናቴ የእትዬን የዶሮ ሾርባ ቀምሳ አታውቅም። እትዬም የእናቴን። ከ30 ዓመት በላይ የተራረሙት በአፍንጫ ነው።

እውነቴን ነው። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው "ኧረ ኮረሪማው ፈጠነ! መጨረሻ ላይ አላልኩሽም?" ይላሉ። እናቴ ከውስጥ "አብሽሩ እትዬ፣ ትንሽ ናት!" ትላለች። (አብሽር እኛ ጋ የክርስቲያኑም አፍ ላይ ያለች ቃል ናት።) ረመዳን ሲሆን ተራው የእናቴ ነው። ከመግሪብ በፊት ሽታው ሲመጣ "ነጭ ሽንኩርቱ አላረረም ወይ በያቸው" ብላ ልጅ ትልካለች። ተላኳ እኔ ነበርኩ። ምላሹን ይዤ የምመጣው ቴምር እያኘክኩ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። የሐበሻ ዶሮ ትሁን። እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ከሆነች ደግሞ ይመረጣል። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፣ ግን መረቁ ውሃ ውሃ ይላል። 12ቱ ብልት ለወጡ ስለሚቆጠር ለሾርባው ሌላ ዶሮ ያስፈልጋል። እጅ ያጠረው ዓመት እግሯና የክንፏ ጫፍ ይበቃል። እግሯን እባካችሁ አትጣሉ! በፈላ ውሃ ነክሮ ቆዳውን መግፈፍ፣ ጥፍሩን መቁረጥ፣ ከዚያ መክተት ነው። መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው በእሱ ነው።

ዶሮዋ በሎሚና በጨው ታሽታ ከታጠበች በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ ሦስት ሊትር ገደማ። ውሃው ከቀዝቃዛ ሲነሳ አረፋው ቀስ ብሎ ላይ ይሰበሰባል። በማንኪያ እየገፈፉ መድፋት ነው። ከዚያ አንድ ቀይ ሽንኩርት እንዳለ፣ ሁለት ካሮት፣ አምስት ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል። እትዬ የሚቆጡት እሳቱ ላይ ነው። መንደቅደቅ የለበትም። አልፎ አልፎ ቡልቅ ቢል በቂ ነው። ከተንደቀደቀ ስቡ ከመረቁ ይደባለቅና ይደፈርሳል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዶሮዋ ካስቸገረች ሦስት።

ሥጋው ከአጥንቱ ሲለቅ አውጥቶ በእጅ መበጣጠስ፣ መረቁን ማጥለል። መረቁ ወደ ድስቱ ሲመለስ አንድ ሲኒ የገብስ ቅንጬ ይጨመርበታል። እትዬ አጃ ነው የሚወዱት፤ እናቴ በዚህ አልሰማቻቸውም። ቅንጬው ሲለሰልስ ሥጋው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይገባሉ፤ ጦስኝም ቆንጠር ተደርጎ። ኮረሪማ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፣ አንድ ፍሬ ተፈልፍሎ ተደቁሶ። ሎሚ እንደየሰዉ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ስቴፈን ሬናርድ የሚስቱን አያት የዶሮ ሾርባ ላብራቶሪ አስገብቶ ነበር። ሾርባው ከጉንፋን ጋር ለሚመጣው ብግነት ምክንያት የሚሆኑ የነጭ ደም ሴሎችን ጉዞ ዘግየት እንደሚያደርግ አየ። የሞከረው በላብራቶሪ ነው፣ በሰው ላይ አልነበረም። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው "አያትየዋን ቢጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ባልደከመ" አሉኝ።

አሁን የ2014ቱን ገና ላንሳ። ደሴ ከጦርነቱ ገና መውጣቷ ነበር። ሸሽተን ከርመን ስንመለስ ቤቱ አለ፣ ማዕድ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ድስት የሚባል አልተረፈም። እናቴ መሐል ላይ ቆማ ሳቀች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ እትዬ ድስት ይዘው መጡ። የፋብሪካው ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡት ነው። ሰላም ሳይሉን በፊት "ሥጋ አልነካውም" አሉ።

ያን ዓመት ዶሮ አላገኘንም። ድስቱ የተሟሸው በገብስ ቅንጬና በድንች ነው፤ ጦስኙ አልቀረም። እናቴ ስትቀዳ እትዬ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁለቱም ድስቱን አዩት። ዶሮ የለበትም። "እትዬ፣ ይግቡ እንጂ" አለች። ገቡ። ነጠላቸውን ሰብስበው ከእኛ ጋር ተቀመጡ፣ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ምድጃ የወጣ ሾርባ በአፋቸው ሲገባ የመጀመሪያቸው ነው። ሁላችንም ዝም ብለን አፍ አፋቸውን እናያለን።

"ጨው ያንሰዋል" አሉ።

እናቴ እስከዛሬ ትከራከራለች፤ አያንሰውም ነበር።

ዘንድሮ አዲስ አበባ ነኝ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። እናቴ ስደውል ከተማው ወደ ላሊበላ በሚሄድ መንገደኛ ተጨናንቋል ትለኛለች። ይህን የምጽፍላችሁ ዶሮዋን ጥጄ ነው። ቅድም እትዬ ስልኩን ከእናቴ ተቀብለው አናገሩኝ። እንኳን አደረሰሽ አሉኝ። ሾርባውን እየሠራሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "በስልክ አይሸትም መቼስ። እስቲ ወደ ድስቱ አስጠጊው" አሉ።

ስልኩን ድስቱ አጠገብ ያዝኩት። እትዬ ዝም ብለው አዳመጡ።

"እሳቱን ቀንሺ" አሉኝ።