መሰንቆዋ የት ሄደች? ሚክስ ላፕቶፕ ላይ ስቀዳ የገጠመኝ

የምኖረው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው። ሰርግ ላይ ዲጄ ሆኜ እሠራለሁ። ባለፈው ጥር፣ የጥምቀት ሰሞን፣ ጎረቤቴ የሆኑትን አዝማሪ ቤቴ ጋበዝኳቸው። ሁለት ማጫወቻ፣ አንድ ትንሽ ሚክሰርና አንድ መሰንቆ ነበር ያለን። እኔ ምቱን አስኬዳለሁ፣ ጋሼ በላዩ ይገዘግዛሉ። ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ ያወርዱታል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ላፕቶፑ ሁሉንም እየቀዳ ነበር።

በማግስቱ ፋይሉን ከፒያሳ አዘዞ ታክሲ ለሚነዳ ዘመዴ ላክሁለት። ማታ ደወለ። «ወንድምዓለም፣ ከበሮው በመጣ ቁጥር ስፒከሬ የተቀደደ ነው የሚመስለው። መሰንቆ አለበት ያልከኝስ የታለ?» አለኝ። ጋሼም መጥተው ሰሙት። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ መሰንቆዬን የት ጣልካት?» አሉ። ያ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ።

መጀመሪያ ጥፋቱን በላፕቶፑ ላይ አደረግሁት። አርጅቷል፣ ሌላ ልግዛ ብዬ ዋጋ መጠየቅ ጀምሬም ነበር። ደግነቱ ብሩ አልሞላም። ስለዚህ ድምፁ የሚሄድበትን መንገድ ከምንጩ ጀምሬ አንድ በአንድ ልፈትሽ አልኩ። የጆሮ ማዳመጫዬን ሚክሰሩ ላይ ሰካሁና ያንኑ ሙዚቃ ከፈትኩ። ጥርት ያለ ነው። ጋሼም ትንሽ ተጫወቱልኝ፤ መሰንቆዋ በቀኝ በኩል ቁልጭ ብላ ትሰማለች። እንግዲያው ችግሩ ከሚክሰሩ ወዲህ ነው፤ ከኬብሉ እስከ ላፕቶፑ ባለው መሃል።

ኬብሉን የሰካሁት ላፕቶፑ ላይ ባለችው የማይክ ቀዳዳ ነበር። ሌላ መግቢያ ስላልነበረው እንጂ መርጬ አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከማይክ የሚወጣ ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ቀዳዳዋም የተሠራችው ያንን ደካማ ድምፅ ተቀብላ እንድታጎላ ነው። ከሚክሰሩ ሬክ አውት፣ ማለትም ለመቅጃ ከተሠራው መውጫ፣ የሚወጣው ግን ወደ 0.3 ቮልት ይደርሳል፣ ያውም ከበሮው ሲመታ ከዚያ ያልፋል። በጠባብ ቦይ የክረምት ጎርፍ እንደ መልቀቅ ነው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ ውስጥ የማይክን ድምፅ ይበልጥ የሚያጎላው ማይክ ቡስት የሚባለው 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ላይ ተቀምጧል።

ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ሞገዱን አጉልቼ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ጤነኛ ሞገድ ጫፉ ሾጠጥ፣ ዞር ይላል። የእኔው ግን አናቱ ተቆርጦ ሜዳ ሆኗል። ከጎንደር ወጣ ሲሉ የሚታዩትን አምባዎች ነው የሚመስለው። ይህ ከሆነ በኋላ ድምፁን መቀነስ ምንም አይጠቅምም። አምባው ያጥራል እንጂ ጫፉ ተመልሶ አይበቅልም።

መሰንቆዋስ? እሷን ያጠፏት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ የእኔ ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ሞኖ ነው፤ የግራውን ወገን ብቻ ነው የሚወስደው። እኔ ደግሞ መሰንቆዋ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እንዳትጋጭ ብዬ ሚክሰሩ ላይ ወደ ቀኝ አዙሬያታለሁ። ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ «ድምፅ ማሻሻያ» በርቶ ነበር። ይህ ነገር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው። ረጅም፣ ሳይቋረጥ የሚሄድ ድምፅ ሲሰማ የፋን ጩኸት ይመስለዋል፣ ይቀንሰዋል። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲገዘገዝ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ እንዲያ ነው፤ ይጎተታል፣ ይረዝማል። የእኛን ሙዚቃ የሚቀዳ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ዊንዶውስ ውስጥ ሪከርዲንግ የሚለው ማስተካከያ ገብታችሁ ማሻሻያ የሚለውን ሁሉ አጥፉት።

ከዚያ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ጣት የምታህል ርካሽ ሳውንድ ካርድ ገዛሁ። አልሆነም። እሷም ያላት የማይክ መግቢያ ነው፣ ሞኖ። ስትገዙ «ስቴሪዮ ላይን ኢን አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ፣ ከሚክሰር የሚመጣውን ጠንካራ ሲግናል የሚቀበል መግቢያ ማለት ነው። በመጨረሻ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ቤሪንገር ዩሲኤ222 አመጣልኝ። ትንሽ ቀይ ሳጥን ናት። ቀይና ነጭ የአርሲኤ መግቢያ አላት፣ ከሬክ አውቱ ቀጥታ ይገባል። የሚቀዳውን ድምፅ የሚቀንስ ቁልፍ ግን የላትም፤ መጠኑን የምትወስኑት ሚክሰሩ ላይ ነው። እኔ ከፍተኛው ምት ከመቀነስ 12 እስከ መቀነስ 6 ዴሲቤል ባለው መሃል እንዲያርፍ አደርጋለሁ፤ ዜሮ ጣሪያው ነው፣ ከዚያ ካለፈ አናቱ ይቆረጣል። ዝቅ ያለውን ኋላ ማጉላት ይቻላል።

ድምፁ ጠራ። ሲጠራ ደግሞ ከሥሩ «እምምም» የሚል ነገር ብቅ አለ። ቻርጀሩን ስነቅል ይጠፋል፣ ስሰካ ይመለሳል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ያ ንዝረት በኬብሉ ዞሮ ይገባል። ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሳደርጋቸው በጣም ቀነሰ። የቀረውን ኬብሉ መሃል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል ንዝረት መቁረጫ ጨረሰው። የመሬት መስመሩን እግር ቆርጠው የሚገላገሉ አሉ። አደራ፣ አታድርጉት፤ ሰው ይገድላል።

አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ የሚል መቋረጥም ነበር። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳጥኗን በሃብ (በዩኤስቢ ማከፋፈያ) ሳይሆን ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ስሰካት ቆመ። የምቀዳው በ44,100 ኸርዝ፣ ስቴሪዮ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በዋቭ ፋይል ነው። ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፣ ለአንድ ሰዓት ወደ 600። ለሰው ስልክ ብቻ ወደ ኤምፒ3 እቀይረዋለሁ። ሥራችሁ ሁሉ ላፕቶፕ ውስጥ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፤ የዲጄ ሶፍትዌሩ ራሱ ውስጥ ለውስጥ ይቅዳው። እኔን ያደከመኝ መሰንቆው ነው። ድካሙም አያስቆጨኝም።

ከጋሼ ጋር እንደገና ቀዳን። አንድ ደቂቃ ቀድቼ አሰማኋቸውና «እሷ ናት፣ ቀጥል» አሉኝ። ዘመዴ አሁን በታክሲው ይከፍተዋል። የጥምቀት ሰሞኑን ግጥም ግን ጋሼ አልደገሙትም። «የዚያን ቀን ነበር» አሉ፣ ሌላ አወረዱ። የድሮውን ፋይል አላጠፋሁትም። ከተሰነጠቀው ከበሮ ሥር፣ በግራ በኩል፣ ቃላቸው ትንሽ ትንሽ ይሰማል። ጥቂቶቹን ስንኞች በወረቀት ገልብጫለሁ፤ የቀሩትን እያዳመጥኩ ነው።