ቢ-29፦ የክብደት ሒሳብ ያስጨነቀው ቦምብ ጣይ

በጣና ዳር የደንገል ታንኳ የሚጭን ሰው ጭነቱን ከፊትና ከኋላ ሳያመጣጥን ከዳር አይነሳም። አንድ ወገን ከበዛ ታንኳው ያዘነብላል። ደንገሉም ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ጠዋት የቻለውን ጭነት ከሰዓት ላይችል ይችላል። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው የአሜሪካ አውሮፕላን ቢ-29 ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቦምቡ ነው። መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የነሳቸው ግን የታንኳ ጫኙ ጥያቄ ነበር፦ ምን ይቀነስ፣ ምን ይጫን፣ የቱ ጋ ይቀመጥ?

አውሮፕላኑ መጀመሪያ የበረረው በሴፕቴምበር 1942 እ.ኤ.አ. ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር፣ ከነሙሉ ጭነቱ 60 ቶን ገደማ ይመዝናል። የሚሸከሙት አራት ራይት አር-3350 ሞተሮች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው 2,200 የፈረስ ጉልበት አላቸው። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። 18ቱ ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ ክብ ሠርተው ስለተደረደሩ ቀዝቃዛውን ነፋስ የፊተኛው ረድፍ ይወስደዋል፤ የኋለኛው ይግልና የጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ይቃጠላሉ። ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሞተሩ ገላ የተሠራው ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ማግኒዚየም ደግሞ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አብራሪው የሞተሩን አየር ማስወጫ ክዳኖች ከከፈታቸው ነፋሱ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ ከዘጋቸው ሞተሩ ይግላል። በፌብሩዋሪ 1943 የሙከራ አብራሪው ኤዲ አለን ሁለተኛውን ናሙና ሲያበር ሞተሩ በእሳት ተያያዘና አውሮፕላኑ ሲያትል ከተማ ውስጥ አንድ የሥጋ ፋብሪካ ላይ ወደቀ። ከተሳፈሩት 11 ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ለአቶሚክ ቦምብ የተለወጡት አውሮፕላኖች የምሥጢር ስማቸው ሲልቨርፕሌት ነበር። ከጭራው በስተቀር የመትረየስ ጉልላቶቹ ተነቀሉ፣ የብረት መከላከያውም ወረደ፤ በዚህ 3,300 ኪሎ ገደማ ቀለለ። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ቀርቶ ነዳጅ በቀጥታ የሚረጭባቸው ሞተሮች ገቡ። የፕሮፔለሮቹ ምላጮች ደግሞ ሲያርፍ ወደ ኋላ እንዲገፉ ሆነው ተሠሩ። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ቦምቡን ሰቅሎ የሚይዘው መንጠቆ ነገር ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ሞተር አልባ አውሮፕላን ከሚጎተትበት መንጠቆ የተወሰደ ዓይነት ነበር። በ1944 እ.ኤ.አ. ሙከራ ላይ አልለቅ ማለት ሲያበዛ ቆይቶ በመጨረሻ ያለ ጊዜው ለቀቀና የሙከራው ቦምብ የጭነት ክፍሉን በር ሰብሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች በላንካስተር አውሮፕላን ከባድ ቦምብ የሚሰቅሉበት ነጠላ መንጠቆ ተተካ።

የሂሮሺማው ቦምብ ሊትል ቦይ 4,400 ኪሎ፣ የናጋሳኪው ፋት ማን 4,670 ኪሎ ገደማ ይመዝኑ ነበር። ፋት ማን በጋሪ አውሮፕላኑ ሆድ ሥር አይገባም፤ ወፍራም ነው፣ ወርዱ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ በሚነሱባት የፓስፊክ ደሴት ቲኒያን ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። ቦምቡ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ አውሮፕላኑ በላዩ ላይ ይቆማል፣ በሃይድሮሊክ ማንሻ ወደ ላይ ይገባል።

ቦምቡ የሚሰቀለው በፊተኛው ክፍል ነው። ሚዛኑን ለመጠበቅ በኋለኛው ክፍል እያንዳንዳቸው 2,400 ሊትር ገደማ የሚይዙ ተጨማሪ የነዳጅ ታንከሮች ይገባሉ።

ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (ኦገስት 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ.) ሊትል ቦይን ወደ ሂሮሺማ የወሰደው ቢ-29፣ ኢኖላ ጌይ፣ ከቲኒያን የተነሳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ45 ነው። ጭነቱ ከልክ በላይ ስለነበር 2,600 ሜትሩን መንደርደሪያ ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ያውም ቲኒያን ከባሕር ጠለል ብዙ ከፍ ያላለች ናት፤ እንደ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ፣ አየሩ በሳሳበት፣ ያንኑ ጭነት ይዞ መነሳቱን እጠራጠራለሁ። ፓርሰንስ የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ከዚያች ደሴት ሲነሱ የሚከሰከሱ ቢ-29ዎችን አይቶ ስለነበር የቦምቡን ባሩድ ከረጢቶች ያስገባው አውሮፕላኑ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ፣ ከ9 ሺህ ሜትር በላይ ሆነው ለቀቁት። አውሮፕላኑ ወዲያው በሹል ጥምዝ ዞሮ ሸሸ። የፍንዳታው ማዕበል የደረሰበት 18.5 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። የጣና ስፋት 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሐይቁ ሲሶ እንኳ አይሞላም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሂሮሺማ ውስጥ የሞቱት ወደ 140,000 ይገመታሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ፋት ማንን ይዞ የወጣውን ቢ-29፣ ቦክስካርን፣ ችግር ላይ የጣለው ያው የኋላ ታንከር ነው። ነዳጁን ወደ ሞተር የሚያሻግረው ፓምፕ ከመነሳቱ በፊት ተበላሸ። የ2,400 ሊትሩ ነዳጅ ክብደቱ አለ፣ ጥቅሙ የለም። ፓምፑን መቀየር ሰዓታት ይወስዳል፤ ፋት ማን ደግሞ ከተጫነ በኋላ ወደ ሌላ አውሮፕላን ማዛወር አደገኛ ነበር። እንዲሁ ተነሱ። መጀመሪያ የታለመችው ከተማ ኮኩራ በጭስና በደመና ተሸፍና ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነዳጁን በከንቱ አባከኑት። ከዚያ ወደ ናጋሳኪ ዞሩ፣ ቦምቡም ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ፈነዳ። ወደ ቲኒያን የሚመልስ ነዳጅ ስላልነበራቸው ኦኪናዋ ላይ አረፉ፤ ለማረፍ ሲቃረቡ አንዱ ሞተር ነዳጅ አልቆበት ጠፋ። ከኋላ ያለው ታንከር ግን እንደ ተሞላ ነበር።